የአፕል ጠጅ ያለ ተገዛ እርሾና ያለ ኬሚካል፦ ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣

የላኩት ጥያቄ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው በኩል ባለው የቤተሰብዎ ማሳ ላይ ፍሬ መስጠት የጀመሩ የአፕል ዛፎች አሉ፤ አጎትዎ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ጥቁር ወይን የሚያለሙበት አነስተኛ የወይን ቦታ አላቸው። እርሾ ሳይገዙና ኬሚካል ሳይጨምሩ፣ የአውሮፓ ገበሬዎች በየቤታቸው የሚጠምቁትንና ሳይደር የሚሉትን የአፕል ጠጅ ለመሥራት ፈልገው ባለፈው ዓመት በአጎትዎ ቤት በጋን ጠመቁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው አቼቶ ሆነ። አሁን ማወቅ የሚፈልጉት ለምን እንደኮመጠጠ፣ ጌሾ ቢገባበት ይድን እንደነበር፣ ሥራው ደሴ ይሻል ወይም ኮምቦልቻ፣ የአጎትዎ ወይን ሊጠቅም እንደሚችልና፣ አልኮል ለማይጠጡት የእናትዎ ወገኖች ከዚያው ፍሬ ምን ሊቀርብ እንደሚችል ነው።

ባለፈው ዓመት የኮመጠጠው ኬሚካል ስላልገባበት አይደለም። አልኮል ወደ አቼቶ የሚለወጠው አሴቶባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ኦክስጅን እየወሰዱ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ሲቀይሩት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በፍሬው ልጣጭ ላይ፣ በዕቃው ላይና በበሰለ ፍሬ ዙሪያ በሚያንዣብቡት ትንንሽ ዝንቦች እግር ላይ ሁልጊዜ ስላሉ እነርሱን ጨርሶ ማጥፋት የሚቻል ነገር አይደለም፤ አየር መንፈግ ግን ይቻላል። እርስዎ እንደጻፉት ጋኑ እስከ ሦስት አራተኛው ብቻ ተሞልቶ፣ አፉ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በየሳምንቱም ለመቅመስ እየተከፈተ ከነበረ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ለአቼቶ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶለት ነበር ማለት ነው።

ይህ ጥፋት የመጣው ከእናቶቻችን ሙያ በቀጥታ በመወሰዱ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ልዩነቱን በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ጠላና ጠጅ ጋን ውስጥ ባዶ ቦታ ቢኖርም፣ ክዳኑ በየጊዜው ቢነሣም የሚያምርላቸው ተጠምቀው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚጠጡ ነው፤ እየፈሉ ሳሉ ከራሳቸው የሚወጣው ጋዝ አየሩን ገፍቶ ይጠብቃቸዋል፣ ጋዙ ሲቆም ደግሞ ጋኑ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። የአፕል ጠጅ ግን ከተጠመቀ በኋላ ገና ወራት መቀመጥ አለበት። መፍላቱን ካቆመበት ቀን ጀምሮ የሚጠብቀው ጋዝ የለም፤ የአልኮሉ መጠንም ከ6 እስከ 7 በመቶ ብቻ ስለሆነ ራሱን አይከላከልም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ዕቃው እስከ አንገቱ ድረስ የተሞላና ከአየር የተዘጋ መሆኑ ነው። ያለ ኬሚካል እሠራለሁ ለሚል ሰው ደግሞ ይህ ምክር ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ወደ ፍሬው ልለፍ። በጋሞ ደጋ በጨንቻ አፕል በሚሲዮናውያን እጅ ከገባ ጀምሮ ወደ ሌሎች ደጋዎች የተዛመቱት ችግኞች አብዛኞቹ ለመብል የተመረጡ ናቸው፤ እርስዎ የጠቀሷቸው አና እና ዶርሴት ጎልደንም ከእነዚሁ ናቸው። አና በእስራኤል የተዳቀለ፣ ዶርሴት ጎልደን በባሃማስ የተገኘ ሲሆን ሁለቱም ብዙ ብርድ ሳያስፈልጋቸው ያብባሉ፤ በአንድ ወቅት ስለሚያብቡም አንዱ ሌላውን ያዳቅላል። ለጠጅ ሲታሰቡ ስኳራቸው ይበቃል፤ የሚጎድላቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አሲድ ነው፤ በተለይ አና ከልክ በላይ ሲበስል ጣፋጭ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ምላስን የሚይዘው ታኒን ነው፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ለሳይደር ብቻ የሚተከሉት ዝርያዎች ጥሬያቸውን ሲበሉ አፍ የሚያኮማትሩት በእርሱ ብዛት ነው። ማሳዎ ላይ ያለው አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ የመጀመሪያውን ጉድለት ይሞላል፤ ሁለተኛውን የአጎትዎ ጥቁር ወይን ይሞላዋል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በአገራችን ደጋ ዛፉ እንደ አውሮፓው በክረምት ብርድ ቅጠሉን አርግፎ ሙሉ ዕረፍት ስለማያገኝ አበባው በአንድ ጊዜ አይወጣም። ቅጠሉን በእጅ ማርገፍና ውኃ መንፈግ ይህን ያስተካክላል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ የበሰለም ጥሬም ፍሬ ጎን ለጎን ይንጠለጠላል፤ ሁሉን በአንድ ቀን ማርገፍ ግማሹን ጥሬ መጭመቅ ይሆናል። እየተመላለሱ ይልቀሙ። ፍሬው ለመጨመቅ መድረሱን ለማወቅ አንዱን መሃል ለመሃል ሰንጥቀው ከፋርማሲ የሚገዛውን አዮዲን በጠብታ ያድርጉበት፤ የተቆረጠው ፊት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ገና ወደ ስኳር ያልተቀየረ ስታርች አለ ማለት ነው፤ ከልቡ አካባቢ ጀምሮ ነጭ ሆኖ ከቀረ ስኳሩ መጥቷል። ዘሩም ቡናማ መሆን አለበት። የለቀሙትን ከናፍጣ፣ ከሽንኩርትና ከጋጣ ሽታ በራቀ ቀዝቃዛ ክፍል በገለባ ላይ በአንድ ረድፍ ዘርግተው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያሳርፉት፤ አውራ ጣት ሲጫነው ትንሽ ሲሰረጉድ ጭማቂውን በቀላሉ ይሰጣል።

በዚህ ጊዜ የሻገተውን ያለ ርኅራኄ ያውጡ። ቁስል ያለበትን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ሰማያዊ ሻጋታ የያዘውን ግን ሙሉውን ይጣሉ፣ ምክንያቱም ይህ ሻጋታ ፓቱሊን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም ከሚታየው ቦታ አልፎ ወደ ሥጋው ይገባል። ብዙ አገሮች በአፕል ጭማቂ ውስጥ በኪሎ ከ50 ማይክሮ ግራም በላይ እንዳይገኝ የከለከሉት ለዚህ ነው። መሬት የወደቀውን ፍሬ በተመለከተ፣ በዛፎቹ ሥር በግና ከብት የሚሰማሩ ከሆነ አይጠቀሙበት፤ ለጠጁ ምናልባት ያልፍ ይሆናል፣ ሳይፈላ ለሚጠጣው ጭማቂ ግን በምንም ዓይነት አይሆንም፤ ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከፋንድያ ወደ ጭማቂ የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነውና።

ታጥቦ የተከታተፈው ፍሬ ንጹሕ በሆነ የእንጨት ሙቀጫ ሊወቀጥ ይችላል። በርበሬ ወይም ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት ሙቀጫ ግን ሽታውን አይለቅም፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አንድ ያስጠርቡ። ብረትን በተመለከተ ጠንቃቃ ይሁኑ፤ የአፕል አሲድ ተራውን ብረትና የቆርቆሮውን ዚንክ ያሟሟል፣ ብረቱም ከታኒን ጋር ተገናኝቶ ጠጁን ያጠቁረዋል። የማይዝግ ብረት፣ እንጨት፣ መስተዋትና ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ብቻ ጭማቂውን ይንኩት።

መጭመቂያ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ አናጺ ከወፍራም ጠርብ አራት ማዕዘን ማቀፊያ ይሠራልዎታል፤ ኃይሉን የሚሰጠው የመኪና ክሪክ ነው። የተወቀጠውን ፍሬ በታጠበ አቡጀዲ እንደ ትራስ እየጠቀለሉ፣ በየመካከሉ ከቀጫጭን እንጨት የተሠራ ርብራብ እያስገቡ አምስት ወይም ስድስት ድርብ ይደርድሩ፤ ከላይ ወፍራም ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ ክሪኩ ይቀመጥና በማቀፊያው የላይኛው ወጋግራ ላይ እየተደገፈ ወደ ታች ይገፋል። ቀስ ብሎ መጫን ነው፤ ጭማቂው በጅማት ሲወርድ ቆም ማለት፣ ሲቀንስ እንደገና መጨመር። የቸኮለ ሰው አቡጀዲውን ይቀድዳል። በዚህ ዓይነት መጭመቂያ ከ100 ኪሎ ፍሬ ከ50 እስከ 60 ሊትር ቢያገኙ መልካም ነው። የተረፈውን አሰር ከብቶች ይወዱታል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አይስጧቸው እንጂ።

አሁን ወይኑ። ከ85 እስከ 90 ኪሎ አፕል ላይ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ጥቁር ወይን ከነልጣጩ ተጨፍልቆ ቢገባና ከተወቀጠው አፕል ጋር አንድ ሌሊት አድሮ በማግስቱ አብሮ ቢጨመቅ፣ የወይኑ ልጣጭ ታኒኑንና ፈካ ያለ ቀይ ቀለሙን ይሰጣል፣ ስኳሩም ከአፕሉ ስለሚበልጥ አልኮሉን በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል። ከዚህ ካበዙት የወይን ጠጅ ይሆንና አፕሉ ይጠፋል። አፕል በደሴ ብርድ ሳምንታት ይጠብቃል፣ ወይን ግን ከተቆረጠ በኋላ አይጠብቅም፤ ስለዚህ አፕሉ ተለቅሞ ወይኑን ይጠብቅ እንጂ ወይኑ አፕሉን አይጠብቅ። ወይኑ ሌሊቱ በቀዘቀዘበት ማለዳ ተቆርጦ፣ ጥልቀት በሌለው ሣጥን ሳይደራረብ ተጭኖ፣ በዚያው ቀን ደሴ ይድረስ። ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም የዶሮ መዝለያ ጥምዝምዝ መንገድ በጆንያ የተጨናነቀ ወይንን ከመድረሱ በፊት ይጨምቀዋል።

አንድ ነገር አጎትዎን ይጠይቁልኝ። የወይን ቅጠል ላይ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት መሰል በሽታ ለመከላከል ድኝ ይነሰንሳሉን? ድኝ በኦርጋኒክ አሠራር የሚፈቀድ ነው፤ ነገር ግን በፍሬው ላይ ተርፎ ጭማቂው ውስጥ ከገባ እርሾው ወደ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይቀይረውና ጠጁ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከመልቀም በፊት ቢያንስ አምስት ሳምንት ድኙ ይቁም። «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል በጠርሙስ ላይ ጽፎ መሸጥ ከታሰበ ደግሞ አለመርጨት ብቻውን አይበቃም፤ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ስላለ ቃሉን ከማተምዎ በፊት ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገሩ።

ጭማቂው እንደተገኘ ሁለት ነገር ይለኩ። የመጀመሪያው ጥግግቱ ነው፤ ሃይድሮሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ የመስተዋት መሣሪያ 1.050 ገደማ ካሳየ፣ ፈልቶ ሲያልቅ 6 ተኩል በመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል። ሁለተኛውና ያለ ኬሚካል ለሚሠራ ሰው ይበልጥ የሚያስፈልገው ፒኤች ነው፤ ይህ የአሲድን ብርታት የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ከ3.3 እስከ 3.7 ባለው ውስጥ ከሆነ ይቀጥሉ። ከ3.8 በላይ ከሆነ ግን ጭማቂው ለክፉ ባክቴሪያዎች ክፍት ነው፤ የግራኒ ስሚዝ ጭማቂ እየጨመሩ ያውርዱት። እርሱ ካልተገኘ የሎሚ ጭማቂ ይረዳል፤ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ሎሚ 1 ግራም ያህል አሲድ ይጨምራል። ከዚህ ብዙ አይለፉ፤ የሎሚን አሲድ አንዳንድ ባክቴሪያዎች መልሰው ወደ አቼቶ አሲድ ስለሚለውጡት ነው።

እርሾ መግዛት ግድ አይደለም። በልጣጩ ላይና በመጭመቂያው እንጨት ላይ የሚኖሩት እርሾዎች ሥራውን ይጀምሩታል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልኮል የማይችሉት ደካሞቹ ይበዛሉ፣ አልኮሉ ከፍ ሲል እነርሱ ይሞቱና ሳካሮማይሲስ የሚባለው ብርቱው እርሾ ተረክቦ ይጨርሳል። አደጋው ያለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ብርቱው እስኪነሣ ድረስ ሜዳው ባዶ ነውና። ስለዚህ ዋናው ጭመቃ ከመድረሱ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ከምርጥ ፍሬ ሁለት ሦስት ሊትር ጨምቀው በተለያዩ ንጹሕ ጠርሙሶች ጥንስስ ያዘጋጁ። አረፋ ሲያወጡ አንድ በአንድ ያሽቷቸው። የዳቦ፣ የአበባ ወይም የበሰለ ፍሬ ሽታ ያለውን ይምረጡ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተውን ያፍስሱት። የተመረጠው በ20 ሊትር ጭማቂ 1 ሊትር ያህል ገብቶ ሥራውን ያስጀምረዋል። ጠጅ ጣዮች ጥንስሳቸውን የሚመርጡበት አፍንጫ እዚህም ያገለግላል።

ጭማቂን ከመፍላቱ በፊት ለመጠበቅ በብዙ አገር የሚጨመረው ሰልፋይት የሚባለው የድኝ ውህድ ነው። በብዙ የኦርጋኒክ ደንቦችም በተወሰነ መጠን ይፈቀዳል፤ ስለዚህ የሚጠቀምበትን ሰው አልነቅፍም። ነገር ግን ፍሬው ንጹሕ፣ ፒኤቹ ዝቅ ያለ፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነና ዕቃው ከሞላ ያለ እርሱ ይሠራል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ያለ ሰልፋይት መሥራት ድካምን ለዕድል መስጠት ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ጋን ደስ የሚል ነው፣ ግን ሸክላው ራሱ አየር ያሳልፋል። ለጠላ ይህ ችግር አይደለም፤ ለወራት ለሚቀመጥ ግን ነው። ጆርጂያውያን ለሺዎች ዓመታት ወይን የሚጠምቁበት ክቬቭሪ የሚባለው ታላቅ የሸክላ ጋን ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል፣ እስከ አንገቱም መሬት ውስጥ ይቀበራል። ከማር የሚቀረው ሰፈፍ በቤትዎ ካለ ይህ እዚህም ይቻላል፤ ሰሙ ቀልጦ ይጠለል፣ ጋኑ ሸክላው ሰሙን እስኪጠጣ ድረስ ይሙቅ፣ ከዚያ ውስጡ በስሱ ይቀባ። በግራዋ ማጠቡን እደግፋለሁ። በወይራ ማጠኑን ግን ለዚህ ጠጅ ይተዉት፤ ለጠላ የሚያስፈልገው ያ ጢስ የአፕሉን ስስ መዓዛ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ለዘንድሮ የምመክርዎ ግን ጠባብ አንገት ያለው የመስተዋት ዕቃ ወይም ለምግብ የተሠራ አዲስ ጀሪካን ነው፤ ዘይት የያዘ አይሆንም፣ ፀረ ተባይ የያዘ ደግሞ በምንም ዓይነት አይታጠብም።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕቃውን እስከ አራት አምስተኛው ሞልተው አፉን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ቡናማ አረፋ ይገነፍላል፣ የገነፈለውን በየቀኑ ይጥረጉ። አረፋው ሲረግብ ለብቻ በሌላ ዕቃ በጠመቁት ጭማቂ እስከ አንገቱ ሞልተው በቡሽ ይዝጉት፤ በቡሹ መካከል ቀጭን ቱቦ አሳልፈው ሌላውን ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩ። ጋዙ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየር አይገባም። ከዚህ በኋላ የመቅመስ ፍላጎትን መግታት ያስፈልጋል። ሃይድሮሜትሩ 1.010 አካባቢ ሲያሳይ ግልጹን በቱቦ እየሳቡ ከአተላው ለይተው ወደ ሌላ ዕቃ ያዛውሩት፤ የቱቦው ጫፍ ከሚቀበለው ዕቃ ሥር ይድረስ፣ እየተንቆረቆረ አይውረድ። የጎደለውን በሌላ የአፕል ጠጅ ይሙሉ፤ ጨርሶ ካልተገኘ የታጠቡ የመስተዋት ብይዎች አስገብቶ ከፍታውን ማስነሣት ይቻላል።

እንግዲህ የቦታው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ የሁለቱ ልዩነት በአማካይ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ለሰው ትንሽ የሚመስለው ይህ ልዩነት ለጠጁ ትልቅ ነው። የአፕል ጠጅ መዓዛውን ይዞ የሚፈላው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ወር እየወሰደ ነው። ከ20 በላይ ሲሆን በሁለት ሳምንት ሊያልቅ ይችላል፣ መዓዛውም ከጋዙ ጋር ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ሙቀትና የአሲድ ማነስ ሲገናኙ ዛይሞሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ይነሣል፤ ይህ በሞቃት አገሮች የዘንባባ ጠጅ ውስጥ የታወቀ ነው፣ የአፕል ጠጅን ግን ወተት አስመስሎ ያደፈርስና የበሰበሰ የሙዝ ልጣጭ ሽታ ይሰጠዋል። ስለዚህ መጭመቁም መፍላቱም ደሴ ይሁን፤ ከተቻለ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ፣ ፀሐይ በማይመታው ጓዳ፣ ከሲሚንቶው ወለል ላይ። ፍሬዎ ሞቅ ባለ ወቅት ከደረሰ ዕቃውን በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልሉት።

ጌሾን በሚመለከት፣ መራራነቱ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚያዳክም እውነት ነው፣ አየር ያገኘን ጠጅ ግን አያድንም፤ በደንብ ጌሾ የገባበት ጠላም ሲሰነብት እንደሚኮመጥጥ ሁላችንም እናውቃለን። ደግሞም የአፕል ጭማቂ እንደ ማር ጥልቅ ጣፋጭነት ስለሌለው የጌሾው ምሬት ይጎላበታል። ከአንድ ትንሽ ጠርሙስ ላይ ለመሞከር አልከለክልም፤ በዋናው ላይ ግን አያድርጉት።

ጠጁ ጠርቶ፣ ሃይድሮሜትሩም ለሦስትና ለአራት ሳምንት አንድ ቁጥር ላይ ከቆመ ወደ ጠርሙስ ይግባ። ጋዝ እንዲኖረው ከፈለጉ በሊትር ከ5 እስከ 6 ግራም ስኳር በጥቂት የፈላ ውኃ አሟሙተው ይቀላቅሉ፤ ከዚህ አይለፉ። ጠርሙሱ ቆርኪ የሚቀበል የቢራ ጠርሙስ ይሁን። ከእያንዳንዱ ዙር አንዱን ግን በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሙሉ፣ በእጅ ሲጨመቅ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር የመስተዋቶቹም ውስጥ ጋዙ መጠራቀሙን ያውቁበታል። የውኃ ፕላስቲክ፣ ሁላችን ሃይላንድ የምንለው፣ ለግፊት የተሠራ ስላልሆነ ለዚህ አይሆንም። ፈልቶ ያላለቀን ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ወደ ኮምቦልቻ ማውረድ አደገኛ ነው፤ ደሴ በብርዱ ተኝቶ የነበረው እርሾ ሙቀቱን ሲያገኝ ይነሣል፣ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል። ለአጎትዎ ከመላክዎ በፊት ሁለት ጠርሙስ ሞቅ ባለ ክፍል፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ሣጥን ውስጥ ለሁለት ሳምንት አስቀምጠው ይፈትኑ። ይህን ጠጅ ማንጠርና ወደ አረቄ መለወጥም አይታሰብ፤ የአፕል ጠጅ በተፈጥሮው ጥቂት ሜታኖል አለበት፣ ባልነጠረው ውስጥ አይጎዳም፣ ያለ ሙያ ሲነጠር ግን ይጠራቀማል።

ለእናትዎ ወገኖች የሚሆነውን ከመጀመሪያው ለይተው ያስቡበት፣ የተረፈ አይሁን። በዛፍ ላይ ከተለቀመው ምርጥ ፍሬ የተጨመቀው ጭማቂ እንደተጨመቀ፣ ጥንስሱ ሳይነካው፣ በሌላ ዕቃና በሌላ ጨርቅ ይጠለልና በጠርሙስ ይሞላ። ጠርሙሶቹን በድስት ውኃ ውስጥ አቁመው የጭማቂው ሙቀት 75 ዲግሪ ደርሶ ለ20 ደቂቃ ይቆይ፤ ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ድስቱ ሲንተከተክ ማየት ብቻ ስለ ጠርሙሱ ውስጥ አይነግርም፣ ቴርሞሜትር ጭማቂው ውስጥ ይግባ። ወዲያው በቆርኪ ይዘጋ። ይህ በዒድም ሆነ በሰርግ፣ ብርዝና ቀሪቦ በሚቀርቡበት ቦታ ሁሉ ከእነርሱ ጎን ሊቀመጥ ይችላል። በወሎ አንድ ቤት ውስጥ የሚጠጣና የማይጠጣ አብሮ ስለሚኖር ይህን ጥያቄ ማንሣትዎ ትክክል ነው፤ የዕቃው መለየትም የንጽሕና ብቻ ሳይሆን የአክብሮት ጉዳይ ስለሆነ ዘመዶችዎ እያዩ ቢደረግ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት የኮመጠጠውን ደግሞ ካልሻገተና ሽታው ንጹሕ አቼቶ ከሆነ አይድፉት። ለአቼቶ የሚያስፈልገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀትና አየር ስለሆነ ኮምቦልቻ ለዚህ ከደሴ ይበልጣል፤ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ግማሽ ድረስ ተሞልቶ፣ ዝንብ እንዳይገባ በድርብ አቡጀዲ ታስሮ፣ የአልኮሉ ጣዕም እስኪጠፋ ድረስ ይቀመጥ። ከዚያ ይጠለልና በትንንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ተሞልቶ ይዘጋ፤ ለሰላጣ ከሚገዛው የተሻለ ይሆናል። በላዩ የሚፈጠረውን እንደ ቆዳ ያለ ስልባቦት ለሚቀጥለው ዙር ማስጀመሪያ ያቆዩት። ይህ ዕቃ፣ ቱቦው፣ ማጥለያውና ጨርቁ ግን እዚያው ኮምቦልቻ ይቅሩ፤ ከእነርሱ አንዱም ታጥቧል ተብሎ ጠጁ ወዳለበት የደሴው ጓዳ መግባት የለበትም።